የደጉ ቄስ «እንደወደዳችሁ»

ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ «ወርቄ በቄስ ላይ አፏን ከፈተች» እንዳትሉኝ። ቄስ አምባቸው ክፉ ቢሆኑማ ምን ነበረበት! ክፉን ሰው ትሸሹታላችሁ፣ ትረግሙታላችሁ፣ ይወጣላችኋል። እሳቸው ግን ደግ ናቸው። አገሩ ሁሉ «ደጉ ቄስ» ይላቸዋል። ሃያ ዓመት የነፍስ አባቴ ነበሩ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም። እኔ ግን ከዓምናው ሁዳዴ ወዲህ በሳቸው ሳልናደድ ያደርኩበት ቀን የለም።

በኛ አገር፣ በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ የነፍስ አባት የሌለው ሰው የለም። ኃጢአትህን የምትነግረው፣ ንስሐ የሚሰጥህ፣ ስትታመም ጾም የሚፈታልህ እሱ ነው። ታዲያ የሌሎቹ ቄሶች ንስሐ ከባድ ነው። ወግዲ በኩል መምሬ አራጌ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ባሏን በገበያ መሀል የሰደበችን አንዲት ሴት መቶ ስግደት አሰግደዋታል እየተባለ ይወራል። ሰው እሳቸውን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ቄስ አምባቸው ዘንድ ሄዳችሁ ግን «አባቴ፣ ጾም ገድፌያለሁ» ብትሉ «እሺ፣ እግዜር ያውቃል» ነው መልሱ። «ልጄን ለእገሌ ልዳር ወይስ ይቅር?» ብትሉ «እንደወደዳችሁ።» «ከጎረቤቴ ተጣላሁ» ብትሉ «ይሁን፣ ያልፋል።» ሁሉን የሚቀበሉ፣ ማንንም የማያሳፍሩ ሰው! እኛም ደስ አለን። ስግደት ማን ይወዳል? ደስ ካላቸው አንዷ እኔ ነበርኩ፤ ምን አስዋሸኝ!

ከዚያ ያ ክፉ ዘመን መጣ። በስድሳ አምስት በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ወጣ። ከቆላው ሰው እየተግተለተለ ወደ ደጋው ወጣብን፤ እኛ ምን ኖሮን! ባሌ ውበቱ ለቀን ሥራ ሁመራ ሄደ፣ ለፋሲካ እደርሳለሁ ብሎ። እኔ ከሁለት ልጆች ጋር ቀረሁ። እታገኘሁ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ታናሿ ምናለ አራት። ምናለ በታኅሣሥ ሞተብኝ። ስለሱ ብዙ አላወራም፣ አልችልም።

እታገኘሁ ቀረችልኝ። እሷን ደግሞ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ተስቦ ጣላት። አሥራ አንድ ቀን እንደ ምድጃ ነደደች። ትኩሳቱ ሲለቃት ጎረቤቴ አያ ጀብሪል በአህያው ጭኖ መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ አደረሰልኝ። ድሬሰሩ ዓይኗን ገልጦ አየ፣ ሆዷን ዳሰሰና፦

«በሽታው ለቋታል፤ አሁን የሚገድላት ረሀቡ ነው» አለኝ። «ሆዷ እህል አይይዝም። ወተት ስጧት፣ ትንሽ በትንሽ። ወተት ካገኘች ትድናለች፤ ካላገኘች ግን ሳምንት አትቆይም።»

እውነቱን ነበር። አጥሚቱንም የተልባውንም ውሃ ስሰጣት መልሳ ታስታውከዋለች። ግን ወተት ከየት ይምጣ? ላም የቀረው ሰው አልነበረም። በመንደሩ አንዲት የምትታለብ ፍየል ብትኖር የአያ ጀብሪል ነበረች፤ የልጅ ልጆቹም የተረፉት በሷ ነው።

አያ ጀብሪል እስላም ነው። ቅሬያችን፣ እድራችን ማለት ነው፣ አንድ ነው፤ የሞተውን አብረን እንቀብራለን፣ ደቦም አብረን እንወጣለን፣ ስንጣላም አብረን ነው። ምላሱ ደግሞ እሬት ነው። ያለ ስድብ ደህና አደርሽ ብሎኝ አያውቅም። እኔ ሳልለምነው በማግስቱ ማለዳ ወተቱን በቅል ይዞ መጣ።

«በይ ያዥ» አለኝ፣ «ነገም አለ። ዕቃዬን አጥበሽ መልሺ፤ አንች እንደሆንሽ ዕቃ መዋጥ ልማድሽ ነው።»

ልጄን ደግፌ አቀናኋት፣ ወተቱን አፏ አደረስኩላት። እታገኘሁ ሽታው ሲደርሳት አፏን ገጠመች።

«ጾም ነው እማዬ።»

«ታማሚ አይጾምም!»

«አባ ፈቱኝ?»

እናንተዬ! ክንዷ የጣቴን ያህል ሆኖ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ «አባ ፈቱኝ» ትለኛለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩባት። ወይ ፍንክች! ጠባይዋ የኔ ነው፤ ማንን ልርገም? ነጠላዬን አደግድጌ ወደ ቄስ አምባቸው ቤት ሮጥኩ። ሩቅ አይደለም፤ ከጋራው ወዲያ ሲሆን በእግር ሃያ ደቂቃ ነው።

ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ዳዊት ይደግማሉ። ጉልበታቸውን ስሜ ነገርኳቸው።

«አባቴ፣ ልጅቷን ጾሙን ይፍቱልኝ።»

«ውይ፣ ታማለች እንዴ? እግዜር ይማራት» አሉኝ። «እንግዲህ እንደወደዳችሁ።»

«ትጠጣ ማለትዎ ነው?»

«ብትጠጣም ባትጠጣም እግዜር አይከፋውም። እሱ ሁሉን ይቀበላል።»

«እንግዲያው መጥተው ይንገሯት! ከኔ አፍ አልሰማም ብላለች። አንድ ቃል ነው፤ 'ጠጪ' ማለት ነው።»

ፈገግ አሉ። ያቺ ሁላችንም የምንወዳት ፈገግታቸው። «ወርቄ፣ እኔ በሰው ላይ ቀንበር አልጭንም። ትልቅ ልጅ ናት፤ ልቧ እንደመራት ታድርግ» አሉና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

ታዲያ ምን ላድርግ? ስመለስ መንገድ ላይ ውሸት አሰናዳሁ። ገብቼ «አባ ፈተውሻል፣ በይ ጠጪ» አልኳት። ልጄ ዓይኗን ገለጠች።

«ምን ብለው ፈቱኝ?»

«'እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ወተቱን ጠጪ' ብለው ነዋ።»

አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ያዘነችው ለኔ ነው።

«እማዬ፣ እሳቸው እንዲህ አይሉም። 'እንደወደድሽ' ነው የሚሉ።»

ወላሂ፣ የዚያን ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ውሸቴ ያልያዘልኝ ለምን እንደሆነ አያችሁ? አገር ያውቃቸዋላ! አዎም አይሆንምም ብለው የማያውቁ ሰው ናቸውና ልጅ እንኳ በስማቸው የተነገረ «ጠጪ»ን አያምንም።

በማግስቱ ደግሜ ሄድኩ። ከእግራቸው ሥር ወድቄ ለመንኩ። «ይነሱ፣ እኔ አዝልዎታለሁ» አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ አዝላቸው ነበር። እሳቸው ግን «ወርቄ፣ ምን ያንገበግብሻል?» አሉኝ በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው። «የእግዜርን ፈቃድ መቀበል ነው። እኔ ሁሉን ለሱ ትቼ ይኸው በሰላም እኖራለሁ።»

«የማይነካዎትን ነገር ተቀበልኩት ይላሉ እንዴ!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ምናለን ቀብሬ ተመስገን ብያለሁ፤ አፈሩን በእጄ እየመለስኩ! እርስዎ ምኑን ቀብረው ነው ተመስገን የሚሉት?»

«ይሁን፣ ያልፋል» አሉኝ።

እየጮህኩ ስመለስ አያ ጀብሪል ከማሳው ጥግ አየኝ። «ምን ሆንሽ፣ አንች የጅብ እናት? አገር አፈረስሽ እኮ!» አለኝ። ነገርኩት። ነግሬ ስጨርስ ልቤ ተቃጥሎ ነበርና እንዲህ አልኩት፦

«በል ና፣ አንተ እጇን ያዝልኝ፤ እኔ አፏን ፈልቅቄ አጠጣታለሁ። ወተት ወተት ነው! ጾመች አልጾመች ለሰማዩ ምን ሊሆነው! ሁሉም ያው ነው!»

ፊቱ ተለዋወጠ። ስንቀልድ ሲኮሳተር አውቀዋለሁ፤ ይሄ ግን ሌላ ነበር።

«ያው አይደለም» አለኝ። «ሁለተኛ እንዲህ ስትይ አልስማሽ። እኔ በናንተ ጾም አላምንም፤ የራሴ ሃይማኖት አለኝ፣ አላህ በሱ ላይ ይግደለኝ። ግን ልጅቱ ከልቧ ነው የያዘችው። ያለቻት አንዲት ነገር እሷ ናት፤ እሷን በጉልበት ልቀማት? ወላሂ አላደርገውም።»

«እና ትሙት?»

«ማን ትሙት አለ? የሚፈታ ቄስ ጠፍቶ ነው? አንዱ ካልሆነ ሌላው። የቱ ነው 'ጠጪ' ቢላት የምታምነው?»

አሰብኩ። «መምሬ አራጌ» አልኩ። «ግን ወግዲ ናቸው። መንገዱ አንድ ቀን ሙሉ ነው፤ እሳቸውም አርጅተዋል፣ ላንተ ደግሞ ...»

«ለኔ ምን? እስላም ነህ ብለው ሊበሉኝ ነው? ፍየሏን እለቢያት፣ የልጆቹን አትንኪ፣ የእታገኘሁን ለይተሽ አስቀምጪ። አብሽሪ።» ይህን ብሎ አህያውን ፈታ፣ ዱላውን አነሳ፣ ሄደ። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው እኮ! ስንቅ እንኳ አልያዘም፤ ከየት አምጥቶ ይያዝ?

ያን ዕለትና ማግስቱን እንዴት እንዳለፍኩት እኔም አላውቀው። ከንፈሯን በውሃ አረጥባለሁ፣ ወተቱን አልባለሁ፣ አሳያታለሁ፣ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ወተቱን ለአያ ጀብሪል የልጅ ልጆች መልሼ እሰጣለሁ። በሁለተኛው ቀን ራሷን መነቅነቁንም ተወችው፤ ዓይኗን ብቻ ትጨፍናለች። ቄስ አምባቸው ሃያ ደቂቃ እልፍ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ። ተነስቼ ቤታቸውን በድንጋይ ልደበድበው ምንም አልቀረኝ፤ ልጄን ትቼ መሄድ ፈርቼ ነው የተውኩት።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የአህያዋን ኮቴ ሰማሁ። መምሬ አራጌ እላይዋ ተቀምጠዋል፣ ጥምጥማቸው አቧራ ለብሷል። አያ ጀብሪል በእግሩ ይስባታል፤ ተረከዙ ተሰንጥቆ ደም ይረግጣል። ሽማግሌው ከአህያዋ ሳይወርዱ ጀመሩኝ፦

«አንች ሴት! ልጅ አልጋ ላይ እያለቀች ሁለት ቀን ሙሉ ደጅ ለደጅ ትሮጫለሽ? መጀመሪያውኑ ለምን አልላክሽብኝም?»

ስድቡ እንዴት እንደጣፈጠኝ! እጃቸውን ታጠቡ፣ መስቀላቸውን አወጡ፣ ገብተው መደቡ ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ፣ እኔንም አስወጡኝ። ግን የኛ ቤት ግድግዳ ጭቃው የረገፈ ነው፤ ምን ይደብቃል? ጆሮዬን ለጥፌ ሰማሁ። ኃጢአቴ ነው፣ በኋላ ለሳቸው ለራሳቸው ነግሬ ሠላሳ ስግደት ተሰጥቶኛል።

«ስመ ክርስትናሽ ማነው?»

«ወለተ ሚካኤል።»

«ወለተ ሚካኤል፣ እናትሽ ታማሚ አይጾምም ብላሻለች። ልክ ናት። ለምን አልጠጣሽም?»

እሳቸውም አላስቸኮሏትም። ከዚያ ልጄ በዚያች በቀረች ድምፅ መናገር ጀመረች።

«በኅዳር፣ በነቢያት ጾም፣ ለምናለ የተቀመጠ እንቁላል ነበር። አንድ ብቻ ነበረ። ርቦኝ ሰርቄ በላሁት። ከዚያ ምናለ ሞተ።»

እኔ ውጭ ቆሜ እጄን ነከስኩ። ያችን እንቁላል አይጥ የወሰዳት መስሎኝ ነበር!

«ለነፍስ አባትሽ ነግረሻል?»

«ነግሬያለሁ። 'እሺ፣ እግዜር ያውቃል' አሉኝ።»

«ንስሐስ?»

«ምንም አልሰጡኝም። እኔም አሰብኩት ... እግዜር ካወቀ፣ ስለሚያውቅ ነው ምናለን የወሰደው አልኩ። አሁንም ብጠጣ እማዬን ይወስድብኛል።»

ሰማችሁ? በታኅሣሥ ወንድሟን ቀብራ፣ ጥርን፣ የካቲትን፣ ይህን ብቻዋን ተሸክማ ኖራለች! እኔ እናቷ አላወቅሁም። ያወቁት አንድ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም «እሺ» ብለው ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ። እሺ! ልጅ እሳት ይዛ መጥታ እጇ ላይ ጥለውላት ሄዱ።

መምሬ አራጌ በዱላቸው መሬቱን ሲመቱ ሰማሁ። ሲናገሩ ግን ድምፃቸው አልጮኸም።

«ስሚኝ ልጄ። አንዲት እንቁላል ወንድምሽን አልገደለችውም፤ የገደለው ረሀብ ነው። እግዚአብሔር ሕፃን እየወሰደ ልጅ የሚቀጣ አይደለም፤ እንዲህ ብሎ ያስተማረሽ የለም፣ ዝም ያለሽ ሰው ነው እንዲህ እንድታስቢ ያደረገሽ። የሰረቅሽው ግን ስርቆት ነው፣ የበላሽውም ግድፈት ነው፤ ምንም አይደለም አልልሽም። ንስሐሽን ተቀበይ። ስትድኚ አርባ ስግደት ትሰግጃለሽ፣ ለአንድ ለተራበ ልጅም አንድ እንቁላል በእጅሽ ትሰጫለሽ። ሰማሽ?»

«ሰማሁ አባ። አርባ።»

«ከዛሬ ጀምሮ የኔ የንስሐ ልጅ ነሽ። የቀረውን ሁዳዴ እኔ እጾምልሻለሁ፤ የራሴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ያንችን እስከ ማታ። እግዚአብሔር ይፍታሽ። አሁን ወተቱን ጠጪ። እየለመንኩሽ አይደለም፤ እያዘዝኩሽ ነው።»

ልጄ አለቀሰች። ተስቦ ሲጥላት ያላለቀሰች፣ ንስሐ ተሰጣት ብላ ተንሰቀሰቀች። ሮጬ ገባሁ። መምሬ አራጌ ቅሉን ይዘው፣ ራሷን በክንዳቸው ደግፈው፣ በጉንጭ በጉንጭ ያጠጧታል። አያ ጀብሪል በር ላይ ቆሞ ቁስሉን እያየ «ለካ ዕቃዬን አጥበሻታል፣ ተአምር ነው» አለኝ።

ዳነች። ለፋሲካ በዱላ ቆመች፤ ውበቱም ደረሰ፣ ከስቶ፣ ግን ደረሰ። እንቁላሏን ከቆላ ለወጣች ለአንዲት ሕፃን ሰጠች፤ ስግደቷን አሥር አሥር አድርጋ ጨረሰች። መምሬ አራጌም የሷን ጾም ጾመው፣ በዚያ ረሀብ፣ አፅማቸው ብቻ ቀርቶ ፋሲካ ደረሱ።

ይህ ሁሉ ዓምና ነው። ዘንድሮ ደግሞ አብዮቱ እኛም ጋ ደረሰ። መሬት ለአራሹ ተባለ፣ ዘማች ተማሪዎች መጡ፣ ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ የመንደራችን ሰው ፈንታዬ ሊቀመንበር ሆነ። ሰኔ ላይ፣ ከዘር በፊት፣ መሬት ሊደለደል ወይራው ሥር ተሰበሰብን። ቄስ አምባቸው እስከዚያ ድረስ የሰሞን መሬት ነበራቸው፤ ስለ ቅዳሴው የተሰጣቸው፣ ሌላ ሰው አርሶ የሚያካፍላቸው። እሱ ለአራሾቹ ሆነ። ጥያቄው ለሳቸው ድርሻ ይሰጣቸው ወይስ አይሰጣቸው ነበር። ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን ቤቴ መጥተው «ወርቄ፣ ማንንም እንዳልበደልኩ መስክሪልኝ» ብለውኝ ነበር። እታገኘሁ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ እምቢ ማለት አፍሬ «እሺ» አልኩ።

ከዘማች ተማሪዎቹ አንዱ ተነስቶ «እኛ ከማንም ሃይማኖት ጋር ጠብ የለንም፤ ለኛ ሁሉም አንድ ነው» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ በሆዴ «ይኸው ሌላው ቄስ አምባቸው» አልኩ። ከዚያ ፈንታዬ «ሞፈር ጨብጦ ለማያውቅ ሰው መሬት አይገባውም የሚል አሳብ ቀርቧል። የምትደግፉ ...» ሲል፣

«አይሆንም!»

ማን ነው ብዬ ዞርኩ። ቄስ አምባቸው ናቸው። ቆመዋል። የአንገታቸው ሥር ተገትሯል። «አይሆንም! በቁሜ አይደረግም! በሥልጣኔ እገዝታችኋለሁ!»

አገሩ ሁሉ ዞሮ አያቸው። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላቸው ማንም አያውቅም ነበር። እኔ ግን ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። ለካ ይችሉበታል! ለካ «አይሆንም» የሚል ቃል አፋቸው ውስጥ ነበር! ሥልጣንም ነበራቸው! ከእግራቸው ሥር ወድቄ የለመንኩት ያ አንድ ቃል ለመሬት ሲሆን ሦስት እጥፍ ሆኖ መጣ!

ፈንታዬ «ወርቄ፣ ቄሱ 'ትመሰክርልኛለች' ብለውናል፤ ተናገሪ» አለኝ።

ተነሳሁ። ዓይናቸውን አየኋቸው።

«እንደወደዳችሁ» አልኩና ተቀመጥኩ።

ቄስ አምባቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። አወቁት። ደስ አለኝ ብላችሁ ታምናላችሁ? አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ግን ብዙ አልቆየልኝም። አያ ጀብሪል በክርኑ ጎኔን ጎሰመኝ።

«አንችም?» አለኝ። «ለዚህ ነው ተረከዜን የሰነጠቅሁት? ቄሱ ልጆች አሉት እኮ።»

ቀና ስል ትንንሽ ልጆቻቸው አጥሩን ይዘው ቆመዋል። ትንሹ ምናለን ያህላል። ንዴቱ ከሆዴ ሳይወጣ፣ ጥርሴን እንደነከስኩ እንደገና ተነሳሁ።

«ይሰጣቸው!» ብዬ ጮህኩ። «ሰማችሁ? እንደወደዳችሁ አይደለም፤ ይሰጣቸው! ይረሱ፣ እጃቸው ይቁሰል፣ ልጆቻቸው ይብሉ! አይሰጣቸውም የሚል ካለ መጀመሪያ እኔን ያናግር!» ማን ያናግረኛል? ተሰጣቸው።

ሰው ሲበተን መጡ፣ ፈገግታቸው ተመልሳለች። «ወርቄ፣ እግዜር ይስጥሽ» ብለው መስቀላቸውን ዘረጉልኝ። እታገኘሁን እጇን እንደያዝኩ ቆምኩ፤ አልተሳለምኩም።

«አባቴ» አልኳቸው፣ «የዛሬውን ቃል ዓምና ይዘው ሃያ ደቂቃ ቢመጡልኝ፣ 'ጠጪ' ብለው አንድ ጊዜ ቢጮሁላት፣ ይህን መስቀል ስሜ ነበር የምሄደው። ሁለተኛ የነፍስ አባቴ አይደሉም። ለሷም አይደሉም።»

አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ይቆጡኝ፣ ይርገሙኝ፣ ወይም ይቅርታ ይበሉኝ፤ የፈለጉትን ብቻ ይበሉኝ።

«እንደወደድሽ፣ ልጄ» አሉኝ፣ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ።